የግራው ሞተር

እህትየው የባሏን ሸሚዝ የምትተኩሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጥያቄዋንም የምትጠይቀው ያኔ ነው። ካውያውን ከአንገትጌው ላይ ሳታነሣ፣ ወደ ማንም ሳታይ፣ ውኃ አቀብለኝ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ ትጠይቃለች።

«ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ ሞተር ሊሠራ ይችላል?»

«አይችልም፣ እትዬ።»

«በጭራሽ?»

«በጭራሽ። ቁልፍ ከሌለ ኮረንቲ የለም፤ ኮረንቲ ከሌለ ሞተር የለም። አለቀ።»

ታናሽ ወንድሟ ይህን መልስ መስጠት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። የሚገርመው እሱን የመሰለ ሰው አንድም ቀን አለመቆጣቱ ነው። የጋራዥ ሰዎች ፊውዝ ብለው የሰየሙት ያለ ነገር አይደለም፤ ትንሽ ከተጫኑት ይቃጠላል። ደንበኛ «ያ ባለፈው የሠራኸው መብራት...» ብሎ ከጀመረ ሳይጨርስ ፒንሳ መሬት ላይ ይወረወራል። እህቱ ፊት ግን ድምፁ ይለሰልሳል። እሷ ቤት የገባው ባሏ በታሰረ በሳምንቱ፣ ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ፣ አንድ ፍራሽና አንድ የመሣሪያ ሳጥን ይዞ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ፍራሹ ቀን ቀን ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይውላል። ባልየው ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ፊውዝም ዳቦውን በሻይ እየነከረ የሚበላው ከመስኮቱ ሥር ባለችው በርጩማ ላይ ነው።

ባልየው ጀልባ ነጂ ነበር፤ ጀልባዋ ደግሞ የሌላ የማንም ሳትሆን የታላቅ ወንድማቸው ናት፤ ሁለት ሞተር ያላት፣ ሃያ ሰው የምትጭን ፈጣን ጀልባ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀትር ላይ ወደ መውረጃው ስትጠጋ ገመድ የሚወረውሩት ሽማግሌ እግራቸው ተንሸራቶ ውኃ ውስጥ ወደቁ። ነጂው ሁለቱንም ቁልፍ በአንድ ጊዜ አዙሬ ነቅያለሁ ብሎ ይምላል። የቀኙ ሞተር ጠፋ፤ የግራው ቀጠለ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተገፋችው ጀልባ ጭራዋን አዞረችና በሽማግሌው ላይ መጣች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እህትየው ፊት ማንም አያወራም። ጀልባዋ ከድንጋዩ ተላትማ ውኃ ስለጠጣች ሞተሯን አስነሥቶ ያየ መርማሪ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ የጀልባዋን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባለሙያ ይቅረብ ሲል የቀረበው ፊውዝ ነው። ለአማቹ ቢያዝንም የሚያውቀውን አፉን ሞልቶ ተናገረ፤ ቁልፍ ከተነቀለ ሞተር አይሠራም አለ። አልዋሸም። ታላቅየው ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የጫማውን ጫፍ ሲያይ እንደነበር ያስታውሳል፤ ያኔ ሐዘን መስሎት ነበር። አራት ዓመት ተፈረደ። እህትየው ፊውዝን አልተቀየመችውም፤ የምታውቀውን ነው የተናገርከው አለችው። ታላቅየውን ግን፣ ለባሏ አንድ መልካም ቃል እንኳ አልመሰከረለትምና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አላነጋገረችውም።

ሸሚዙ ገና ሳይታጠፍ የፊውዝ ስልክ ጮኸ። ታላቅየው ነው።

«ጀልባዋን ዐሥር ሰዓት ላይ የሚያያት ሰው ይመጣል። ሞተሮቹን መካኒኩ አድሶ ትናንት ሰቅሏቸዋል፤ የቀረው ሽቦው ነው። አንተ ጨርስልኝ።»

«ሽቦው እንዴት ነው?»

«ዝርክርኩ የወጣ ነው። እንዳትከታተለው፤ ያለውን ሁሉ ቆርጠህ ጣልና አዲስ ዘርጋ።»

ለፊውዝ ይህን መናገር ለልብስ ሰፊ ልኬት ይቅር እንደ ማለት ነው። «የቱ የማን እንደሆነ ሳላውቅ አዲሱን ከየት ወዴት ልዘርጋው፣ ወንድምጋሼ?» አለ። «እንዳልኩህ አድርግ» አለና ታላቅየው ዘጋው።

እህትየው ድምፁን ከስልኩ ውስጥ ለይታዋለች። «ሊሸጣት ነው?» ስትል «መሰለኝ» አላት። ሸሚዙን አጠፈችው፤ ከዚያ እንደገና ፈታችውና የተተኮሰውን ደግማ ተኮሰችው። «ከጥየቃ ስመለስ በዚያ በኩል አልፋለሁ» አለች በመጨረሻ። ያንን ግቢ ላለማየት ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ረጅሙን መንገድ ዞራ የምትሄድ ሴት ናት። «ምን ልታደርጊ?» ቢላት፣ «ምንም። ከመሄዷ በፊት ልያት» አለችው።

የጀልባ ጥገናው ግቢ ከውኃው ዳር፣ ከአንድ የሲሚንቶ መጋዘን ጀርባ ነው። በሩ ላይ ዘበኛው ሬድዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል፤ ሰው ሲገባ ቀና ብሎ አያይም፣ ሲወጣ ግን የያዘውን ሁሉ ይቆጥራል። ግማሾቹ ጀልባዎች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተገልብጠዋል፤ ቀለምና ቤንዚን ተቀላቅሎ ይሸታል። የታላቅየው ጀልባ መጨረሻ ላይ በእንጨት ቋሚዎች ተደግፋለች። ጭራዋ ላይ ሁለቱ ሞተሮች ተሰቅለው፣ እግራቸው በተቆረጡ ሁለት በርሜሎች ውስጥ ውኃ ላይ ተነክሯል፤ ለሙከራ እንዲህ ካልተደረገ ሞተሩ ግሎ ይቃጠላል። መካኒኩ ሁሉን አሰናድቶ ሄዷል። ፊውዝ መሰላሉን ወጣ፣ ባትሪውን ገጠመ፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ መብራት አሰረና በጀርባው ተኝቶ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። ገብቶም ተሳደበ። ጀልባዋን ያደሰው ቀለም ቀቢ ሽቦዎቹን እንኳ ነጥሎ ሳይሸፍን ከነግድግዳው ግራጫ ቀለም ደፍቶባቸዋል። ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ፣ ጥቁር የለ፤ ዐሥራ ስድስት ሽቦ አንድ ዓይነት ልብስ እንደለበሰ እስረኛ ተደርድሯል። ይህን ካሰበ በኋላ አማቹ ትዝ አለውና ስድቡን አቋረጠ።

ሥራ ሥራ ነው። ፕላስተር በጥርሱ እየቆረጠ ቁጥር ጻፈበት፤ አንድ በአንድ ከዳሽቦርዱ እስከ ጭራው በጣቱ እየዳበሰ ተከተላቸው። ወንድሙ አትከታተል ያለው ትዕዛዝ ከበሩ ላይ ነው የቀረው። ይህ የማስነሻው ሞተሪኖ፣ ይህ የነዳጅ መለኪያው፣ ይህ የመብራቱ፣ ይህ የጥሩንባው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከቀኙ ቁልፍ ተነሥቶ ወደ ቀኙ ሞተር የሚሄድ ቀጭን ሽቦ ነው። የመፈተሻ አምፖሉን ነካካበት፤ ቁልፉ ተከፍቶም አይበራም፣ ተዘግቶም አይበራም። አባታቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ሁለቱንም ወንድ ልጆቹን ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስተማራቸው። ታላቅየው ሙያውን ትቶ ወደ ንግድ ገባ፤ ፊውዝ ግን የአባቱን አንዲት ቃል አልጣለም። አምፖል ያላበራ ሽቦ ካገኘህ ቁረጠው፣ ጫፉን እሰረው፣ የማይሠራ ነገር ከሚሠራው ጋር እንዳይነካካ ይል ነበር። ፊውዝ ፒንሳውን አነሣ። አፉን ከፍቶ ሽቦው ላይ አሳረፈው።

ያቆመው ጥንቃቄ አልነበረም። ክርኑ የመለኪያ ቴስተሩን ገፋው፤ አንዱ ጫፍ ሰባተኛው ሽቦ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ከብረቱ ላይ ዐረፈና ቴስተሩ ጲ...ጵ ብሎ ጮኸ። ሽቦው ከማሳው፣ ከሞተሩ አካል ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ቁልፉን ከፈተ፤ ድምፁ ጠፋ። ዘጋው፤ ጮኸ። እንደገና ከፈተ፣ ዘጋ። ፊውዝ በሃያ ዓመት ሥራው ሰው ቁልፉን ሲዘጋ የሚገናኝ ሽቦ አይቶ አያውቅም። በመኪና ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቁልፍ ሲዘጋ ኮረንቲ ይቋረጣል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ይህ ግን የተገላቢጦሽ ሆነበት። ወደ ጭራው ሄዶ የቀኙን ሞተር ክዳን አነሣ፤ በክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ የተለጠፈውን ትንሽ የሽቦ ንድፍ በአውራ ጣቱ ከአቧራው አጸዳና ቁጭ ብሎ አነበበ። ሁለቴ አነበበው። ይህ ሞተር የካንዴላውን እሳት ከባትሪ አይወስድም፤ ቮላኖው፣ አናቱ ላይ ያለው ከባድ መሽከርከሪያ፣ በዞረ ቁጥር ራሱ ያመነጫል። አንዴ ከተነሣ ባትሪውን ቢነቅሉለት ግድ የለውም። የሚያጠፋው ያች ቀጭን ሽቦ ብቻ ናት፤ ቁልፉ ሲዘጋ እሳቱን ወደ ማሳ ታፈስሰዋለች። ሥራዋ ማጥፋት ብቻ ስለሆነ አምፖል አታበራም።

እትዬ መቶ ጊዜ ጠይቃዋለች። መቶ ጊዜ በጭራሽ ብሏታል።

የግራውን አቻ ሽቦ መፈለግ ጀመረ። በሞተሩ በኩል አለ፤ ከክዳኑ ሥር ወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ወደ ፊት ይሄዳል። በቁልፉ በኩል የለም። የግራው ቁልፍ ጀርባ ላይ ሽቦ የሚሰካባት አንዲት ባዶ ጥርስ አለች፣ ቀለም የገባባት። እየዳበሰ መጣ፤ በመቀመጫው ሥር፣ የጎን ሰሌዳውን ከፍቶ በጀርባው፣ እስከ ድምፅ ማጉያው ድረስ። እዚያ ቆመ። ማን ነው የነካካው ብሎ ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ነበር። ቀለሙን በጥፍሩ ሲፍቀው ከሥሩ ቀይ ክር ወጣ። ሰም የጠጣ ቀይ ክር፣ ሰባት ዙር፣ ጫፉ በራሱ ሥር ተመልሶ የገባ። ፕላስተር ይለቃል፣ ክር አይለቅም እያለ አባቱ ያስተማረው አስተሳሰር ነው። ዛሬ በከተማው ውስጥ እንዲህ የሚያስረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከጎኑ የጀልባዋ ሬድዮ ሽቦ በዚያው ቀይ ክር፣ በዚያው ሰባት ዙር ታስሯል። ሬድዮውን የገጠመው ደግሞ ራሱ ፊውዝ ነው፤ አደጋው በደረሰበት ቀን ጠዋት።

ሁሉም ተመለሰለት። ተሳፋሪዎቹ የምረቃ ሽርሽር ሊሄዱ መውረጃው ላይ ቆመው ይስቁ ነበር፤ ታላቅየው ሙዚቃ ሳይኖር አትሄድም ብሎ ቶሎ በል ቶሎ በል ይለዋል። በጀርባው ተኝቶ ሬድዮውን ሲገጥም አንድ ቀጭን ሽቦ መንገድ ዘጋበት። በአምፖሉ ነካው፤ አልበራም። ቆረጠው፤ ከቁልፉ በኩል የቀረውን ቁራጭ ነቅሎ ጣለ፤ የሞተሩን ጫፍ በወጉ አሰረው። እያፏጨ ነበር። አማቹ ከላይ ሆኖ «እጅህ ይባረክ፣ ፊውዝ» ሲለው፣ «ሂድ ወደዚያ፣ መሪህን ያዝ» ብሎ እንደቀለደበትም አስታወሰ። የሰው ልጅ በገዛ እጁ የሠራውን እንዲህ ሊረሳ መቻሉ ያስፈራል፤ ትልቅ ነገር መሥራቱን ስላላወቀ ግን እንደ ጥፍር ቁራጭ ጥሎት ሄዷል።

አሁንም ላያምን ይችል ነበር፤ ስለዚህ ሞከረው። የቀኙን አስነሣ፣ ዘጋው፤ ድርግም ብሎ ጠፋ። የግራውን አስነሣ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ መንደቅደቅ ጀመረ። ቁልፉን ዘጋ፤ ነቀለው፤ ኪሱ ከተተው። ሞተሩ ማን እንደነካው እንኳ ያወቀ አይመስልም፤ ያንኑ ድምፁን ያሰማል። ፊውዝ ሄዶ ነዳጅ የሚያመጣለትን ጎማ ነቀለው። ካርቡራቶሪው ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ሠራና ጠፋ። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ፊውዝ የሽማግሌውን ፊት፣ የዳኛዋን መነጽርና የእህቱን ካውያ ሁሉንም አየ።

«ቆርጠህ ጣል ብዬህ ነበር።»

ታላቅየው መሰላሉ ላይ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሊሸጥ የመጣ ሰው ልብስ ነው። ወጥቶ ከአጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ ሰሌዳው መከፈቱንና ቀዩን ክር አየ፣ አልደነገጠም። ፊውዝ ያን አለመደንገጡን ሲያይ ነው ክው ያለው።

«ታውቅ ነበር?»

«አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ከፍቼ አየሁት። ሽቦው ምን እንደሚሠራ አላወቅሁም ነበር፤ ሰው ጠይቄ አወቅሁ። ክሩን ግን መጠየቅ አላስፈለገኝም።»

«ፍርድ ቤት ስቆም ዝም አልክ። ያንን ሁሉ ስለፈልፍ ከኋላ ተቀምጠህ ዝም አልክ!»

«ምን ልበል? አንዱን አስወጥቼ አንዱን ላስገባ?» ታላቅየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ ሲሞት ስንት ዓመትህ ነበር? እኔ ነኝ ያሳደግሁህ። እሱ ሁለቱን ዓመት ጨርሷል፤ ሁለት ነው የቀረው። ሽማግሌው አይመለሱም። አንተ አሁን ብትገባ ማን ይጠቀማል? እሷ ባሏን አግኝታ ወንድሟን ታጣለች። አስበው።»

የሚያስፈራው ነገሩ ክፉ አለመምሰሉ ነው። በደህና ድምፅ፣ እንደ ቤተሰብ ምክር የሚነገር ነው፤ ፊውዝም ሰማው፣ አመዛዘነውም። ያ ትንሽ ነገር የሚያቃጥለው ሰው ዛሬ አልተቃጠለም። «ለምን አንተ ራስህ አልቆረጥከውም?» ብቻ አለ።

«ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። የአባባ ቋጠሮ ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ ሠራተኛ ላምጣ ብል ደግሞ ያያል፣ ያወራል።» ከመሬት ላይ ፒንሳውን አንሥቶ በእጁ አስያዘው። «የአንድ ጣት ያህል ናት። ቁረጣትና ውኃው ውስጥ ጣላት። ከዚያ አዲስ ዘርግተህ እንወጣለን።»

ፊውዝ ፒንሳውን ያዘ። ያኔ የግቢው በር ተንጫረረ። እህትየው ባዶ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ዘበኛውን አልፋ መጣች፤ ታላቅየውን አየችው፣ ዐይኗን ግን እንደ ግድግዳ አሳለፈችበት። ከመሰላሉ ሥር ቆማ ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻት። የሚሰማው የዘበኛው ሬድዮ ብቻ ነው።

«እሱ እንዴት ነው?» አላት ፊውዝ።

«ከስቷል። ሸሚዙን ወዶታል።» ዘንቢሏን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረችው። «ዛሬ ምን አለኝ መሰለህ? ፊውዝን የመሰለ ባለሙያ አይችልም ካለ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አለኝ። ምናልባት የግራውን አልነቀልኩት ይሆናል፣ እጄ ይሆናል የከዳኝ፣ ሽማግሌውን እኔው ነኝ የገደልኳቸው አለኝ። ሁለት ዓመት አልቀበልም ያለውን ሰውዬ ዛሬ ራሱ አምኖ አገኘሁት። እንቅልፍ የለውም።» ዐይኗን ጠረገች። «እኔም ካሁን በኋላ አልጠይቅህም። በየሳምንቱ አሰለቸሁህ። ተውኩት።»

ፒንሳው በእጁ ነው፤ ሽቦው ከጉልበቱ አጠገብ ነው። የታላቅየው ዐይን በል እንጂ ይላል። እህትየው ደግሞ ከእንግዲህ አትጠይቅም። ማንም ምንም የማይጠይቀው ሰው መሆን ምን ያህል ይቀል እንደነበር ፊውዝ ገባው፤ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ አማቹ በእሱ ቃል የተነሣ ራሱን ነፍሰ ገዳይ ብሎ ሲጠራ በጆሮው ሰማው። ፒንሳውን ወደ በርሜሉ ወረወረው። ጠለቀ።

«እትዬ፣ በመሰላሉ ነይ።»

«ተው» አለ ታላቅየው፣ በሹክሹክታ።

ፊውዝ የነዳጁን ጎማ መልሶ ሰካ። እህቱን ክንዷን ይዞ ወደ ነጂው ወንበር ወሰዳት፣ የግራውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ቦታው ከተተና አስነሣው። ጀልባዋ ከእግራቸው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረች።

«አጥፊው» አላት፤ በጩኸት ነው።

ቁልፉን አዞረችው። «ንቀዪው።» ነቀለችው። ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየችው፤ ቀና ብላ ሞተሩን አየችው፤ እንደገና መዳፏን አየችው። ሞተሩ ይሠራል። መልሳ ሰካችው፣ አዞረችው፣ ነቀለችው። ይሠራል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፁ አልተሰማም፤ «ማነው?» እንዳለች ግን ፊውዝም ታላቅየውም አውቀዋል። ታላቅየው ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። ፊውዝ ወደ ተከፈተው ሰሌዳ ወስዶ ቀዩን ክር አሳያት፤ ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

አልመታችውም። አልጮኸችም። ክሩን በጣቷ ጫፍ ነካችው፣ ቤት ውስጥ በየመብራቱ ገመድ ላይ የምታውቀው ክር ነው። ከዚያ ተመልሳ ባሏ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቁልፉን በጡጫዋ ጨበጠች፤ ስልኳን አወጣች። ከበሩ ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፣ ገዢው ደርሷል። ታላቅየው ወደ ነዳጁ ጎማ አንድ እርምጃ ሄደ።

«እንዳትነካው!» ብላ ጮኸችበት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ፖሊስ እስኪመጣ ይሥራ። ሲሠራ ይዩት።»

ፊውዝ ወደ ጭራው ሄዶ የነዳጁን ሳጥን ክዳን ከፍቶ አየ፤ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። መሰላሉን ወረደ፣ ጄሪካኑን ከጀልባዋ ሥር አንሥቶ ተመልሶ ወጣ፤ አንዲት ጠብታ ሳያፈስስ እስከ አፉ ሞላው።